“ሎድ” ጭነት ነው፣ ሸክም ነው ወይስ ጫና? ከኮምቦልቻ መጋዘን የመጣ ጥያቄ

የቦርከናው ልጅ (ኮምቦልቻ) • ማክሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለቤቱ። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሰው ፊት አዋርዶኛልና ምክር ፍለጋ መጣሁ።

የምሠራው ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ጸሐፊ ነኝ። “እሱ እንግሊዝኛ ይችላል” ከተባለ ወዲህ ወረቀት ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ወረቀት መጣልኝ። አንዱ የፎርክሊፍት መመሪያ ነው፤ በየመስመሩ “ሎድ” አለ። ሎድ ይዘህ ቁልቁለት ስትወርድ በኋላ ማርሽ ውረድ፣ ሎዱ ሁልጊዜ ወደ ዳገቱ ይዙር፣ ሎድ ሽቅብ ሰቅለህ አትንዳ። ይሄ አላስቸገረኝም፤ ሁሉንም “ጭነት” ብዬ ጨረስኩት።

ሁለተኛው ስለ ሠራተኛ ደህንነት የሚያወራ ወረቀት ነበር። እዚያም “ወርክሎድ” አለ፣ “ሜንታል ሎድ” አለ። እጄ ለምዶ የለ፤ “የሥራ ጭነት የበዛበት ሠራተኛ ለቅርብ አለቃው ያሳውቅ። የአእምሮ ጭነትም እንዲሁ” ብዬ አተምኩና በሩ ላይ ለጠፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከጫኝና አውራጆቹ አንዱ መጣና “ጻፍ” አለኝ።
“ምን ልጻፍ?”
“ትናንት ከተሳቢው ያወረድነውን ነዋ! 400 ኩንታል፣ ለስድስት ሰው።”
ከኋላው ሌሎቹ ተሰልፈዋል። አንዱማ ያለፈውን ሳምንት ሁሉ በብጣሽ ወረቀት አስልቶ ይዞ መጥቷል። እስከ ምሳ ድረስ የኩንታል መዝጋቢ ሆኜ ዋልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው ሳልፍ “የአእምሮህ ጭነት ዛሬ ስንት ኩንታል ገባ?” ነው ሰላምታዬ።

እስቲ ንገሩኝ፦ ይሄ “ሎድ” የሚሉት ቃል ዕቃም ሐሳብም ከሆነ፣ በአማርኛ በአንድ ቃል የሚያዝበት መንገድ አለ ወይ?

ሸዋበር (ደሴ) • 2፡31

ወላሂ ወረቀቱን እንዳታነሳው። ሳልፍ ፎቶ አነሳዋለሁ።

መምህርት ከሆጤ (ደሴ) • 2፡58

ወንድሜ፣ አንድ ቃል የለም፤ መኖርም ያለበት አይመስለኝም። የእኛ ቋንቋ ዕቃውን የሚከፋፍለው በተሸካሚው ነው። መኪና፣ አህያ ወይም ግመል ላይ ከወጣ ጭነት ነው። ሰው ትከሻ ላይ ካረፈ ሸክም ነው። ጀርባ ላይ በአንቀልባ ከሆነ አዘለ እንላለን። ሌላ ሰው ወይም ኑሮ ከላይ ሲጫንህ ደግሞ ጫና ነው። እንግሊዝኛው ለእነዚህ ሁሉ “ሎድ” ይበቃኛል ብሎ ተቀምጧል፤ አንተ ደግሞ ከአራቱ አንዱን ይዘህ ሁሉም በር ላይ ለጠፍከው።

“ሜንታል ሎድ”ን በተመለከተ፣ በእኛ ሙያ ቅርብ ዘመድ አለው። ጆን ስዌለር የሚባል አውስትራሊያዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1988 እ.ኤ.አ. ስለ መማርና ስለ “ኮግኒቲቭ ሎድ” ጽፏል። ነገሩ ቀላል ነው፤ አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ጥቂት ስለሆነ ትምህርቱ ራሱ ከባድ ሲሆን፣ አቀራረቡ ደግሞ የተዝረከረከ ከሆነ፣ ተማሪው የሚወድቀው በትምህርቱ ሳይሆን በዝርክርኩ ነው። ከእሱ በፊት ጆርጅ ሚለር በ1956 እ.ኤ.አ. የአጭር ጊዜ ትውስታችን በአንዴ የሚይዘው 7 ያህል ነገር መሆኑን ጽፎ ነበር። እኔ ይሄን “የአእምሮ ጫና” ብዬ ነው የማስተምረው። “የአእምሮ ጭነት” ብል ተማሪዎቼ ያንተን ጓደኞች ነው የሚሆኑት።

ደግሞ ስም ባትፈልግስ? አማርኛ እንዲህ ያለውን ነገር በግሥ ነው የሚናገረው። “ተጫጫነኝ” ያለ ሰው ስለ ኩንታል አላወራም። “ሕመሙ ጫን አለበት” ሲባልም ማንም ሚዛን አያመጣም።

የቦርከናው ልጅ (ኮምቦልቻ) • 3፡06

መምህርት፣ “ተጫጫነኝ” የሚለው ገላገለኝ። ግን ወረቀት ላይ “የተጫጫነው ሠራተኛ” ብዬ ብጽፍ እንቅልፍ የመጣበት ነው የሚመስለው፤ ማታ ፈረቃ ያሉት ሁሉ ይመጡብኛል።

ጋሽ ሐረጎ (ኮምቦልቻ) • 3፡40

ልጆች ደህና አመሻችሁ። ጣቴ ወፍራም ነው፣ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ።

እኔ አሰብ መስመር ላይ ነው ያረጀሁት፤ በኋላም ጅቡቲ። እንግሊዝኛውን አላውቅም፣ ጭነትን ግን አውቃለሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ያንን ከ600 ሜትር በላይ የሚያወርድህ ሐረጎ ነው። ባዶ መኪናና የጫነ መኪና ሐረጎ ላይ አንድ መኪና አይደሉም። ስትወጣ ጭነቱ ይጎትትሃል፣ ስትወርድ ይገፋሃል። ፍሬን ላይ ቆሜ እወርዳለሁ ያለ ሰው የፍሬን ሸራው ይግልና መያዝ ያቆማል፤ ያን ጊዜ ብትረግጠውም እግርህ ብቻ ነው የሚወርደው። የድሮ ሾፌር የሚልህ “በምትወጣበት ማርሽ ውረድ” ነው። ከላይ ሳትጀምር ማርሽ ቀንስ፤ ከመሃል እቀንሳለሁ ካልክ አይገባልህም።

ይሄን ያመጣሁት ለጉራ አይደለም። እነዚያ ልጆች አልተሳሳቱም ልል ነው። አንተ “ጭነት የበዛበት” ብለህ ስትጽፍ ክፉ ነገር የጻፍክ መስሎሃል። ለእኛ ጭነት ክፉ ነገር አይደለም። ሾፌር ሲያማርር “ጭነት በዛብኝ” አይልም፣ “ጭነት አጣሁ” ነው የሚለው። ሦስት ቀን ጎማ ሥር ተኝተህ የመልስ ጭነት ስትጠብቅ ያኔ ይገባሃል። ጫኝና አውራጅም በኩንታል ነው የሚከፈለው። “ጭነት የበዛበት ይንገር” ስትለው “ብር የሚያስገባልህን አስመዝግብ” ነው የሰማው። እንዲህ ያለ ደግ ማስታወቂያ ተለጥፎ ሳይሰለፍ ይቅር?

ሸዋበር (ደሴ) • 3፡52

ጋሽዬ ዕድሜ ይስጥዎ! ሚኒባስ ላይም እኮ እንዲሁ ነው። ከወንበር በላይ የተጫነውን ሰው “ትርፍ” ነው የምንለው። ለትራፊኩ ጥፋት፣ ለረዳቱ ጥቅም፣ ቃሉ አንድ። በመሃል ታጥፌ የምቆመው እኔ ነኝ እንጂ።

የቦርከናው ልጅ (ኮምቦልቻ) • 4፡01

ጋሽ ሐረጎ፣ እርስዎ ያሉት አናቴን ነው የመታኝ። ለካ ሲመጡ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። እኔ የመጡት ሊያሾፉብኝ መስሎኝ ተኮሳትሬ ነው የጻፍኩላቸው። አንደኛው “ይሄ ከደመወዝ ጋር ነው ወይስ ለብቻ?” ሲለኝ እንኳ አልነቃሁም።

መምህርት ከሆጤ (ደሴ) • ረቡዕ ጠዋት 1፡20

ማታ ጋሽ ሐረጎ ካሉት በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የነገሩ ቁልፍ እኮ አንዲት ፊደል ናት። “ጫኑልኝ” እና “ጫኑብኝ”። ሥራው ያው ነው፤ ኩንታሉ ያው፣ ጫኞቹ ያው። “ል” ካለ ሾፌሩ ተደስቷል፣ “ብ” ካለ አንድ ሰው ተበድሏል። እንግሊዝኛው “ሎድ” ብሎ ዝም ይላል፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ ከዙሪያው ነው የምታውቀው። እኛ ግሡ ውስጥ ቀርቅረነዋል። በዛልኝ፣ በዛብኝ። ከበደኝ ላይ ግን “ብ” እንኳ አያስፈልግም፤ ክብደት ራሱ ወገን ለይቷል።

ስለዚህ የወረቀትህ ስሕተት “ጭነት” ማለትህ ብቻ አይደለም። “ጭነት”ን ብቻህን ክፉ አድርገህ መያዝህም ነው።

ሲሚንቶና ብረት (ደሴ) • 3፡10 ረፋድ

አንድ ነገር ከግንባታው በኩል ጣል ላድርግ። እኛ ጋ “ሎድ” ሁለት ነው፦ “ዴድ ሎድ” እና “ላይቭ ሎድ”። ቃል በቃል የሞተና ያለ ማለት ነው፤ ሳይት ላይ ግን እንዲያ ብትተረጉመው ቀን ሠራተኛው ይሸሽሃል። የመጀመሪያው የሕንጻው የገዛ ራሱ ክብደት ነው፤ ሶሌታው፣ ኮለኑ፣ ግድግዳው። ሁለተኛው ሰው፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የሚገባውና የሚወጣው ሁሉ።

ሰው የማያምነው ሒሳቡን ነው። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ ብረት ከዚህ ከዚያ ገብቶበት 2,500 ኪሎ ይመዝናል። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ በካሬ ሜትር 375 ኪሎ ነው ማለት ነው፤ ንጣፍና ልስን ሳይጨመር። ለመኖሪያ ቤት የሚታሰበው የሰውና የዕቃ ጭነት ደግሞ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ አካባቢ ነው። ቤቱ ከነዋሪው ይልቅ ራሱን ነው የሚሸከመው። ጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ስትሠራ ከሁሉም በፊት የምታስበው ይሄንኑ ነው።

የሆጤ ኤሌክትሪሺያን (ደሴ) • 3፡25

ጣጣ አታብዙ። “ሎድ” በሉት በቃ። እኛ ስንት ዘመን ሆነን። ባለቤቷ ደውላ “ኧረ ብሬከሩ እየወደቀ ነው” ስትል “ሎድ በዝቶ ነው፣ ምጣድና ምድጃ አንድ ላይ አትሰኪ” እላለሁ፤ ይገባታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል፤ ለ220 ቮልት ስታካፍለው 16 አምፔር ነው። ይሄን “ጭነት” ብላት ምጣዱ ላይ ዕቃ ያስቀመጠች ነው የሚመስላት። ስልኩም “ሎድ እያደረገ ነው” ነው የሚባለው፤ ገና ያልነቃ ሰውም “ሎዲንግ ላይ ነው” ይባላል። ቃሉ አገር ለምዷል።

መምህርት ከሆጤ (ደሴ) • 3፡48

ምጣዱ ላይ እስማማለሁ። ግን ስልኩን ራሱን ተመልከተው፤ “ሎድ” ያልከው ማሽን ላይ ፕሮግራም ስንከት “ጫን” ነው የምንለው፣ ስንቀዳ ደግሞ “አውርድ”። ጫኝና አውራጅ እኮ ስልካችን ውስጥ ገብቷል። ማንም አላስተማረንም፤ ቃሉ ቦታውን ራሱ አገኘ።

ሰኞ ገበያ (ባቲ መንገድ) • 6፡15

ጠመንጃውን ረሳችሁት። እንግሊዝኛው ጠመንጃም “ሎድ” ያደርጋል። እኛ ጥይት አጎረሰ ነው የምንለው። እነሱ ጠመንጃን ጭነው ይልኩታል፣ እኛ አጉርሰን።

“ሎድድ ክዌስችን” የሚሉትም አለ፤ ሲጠይቅህ መልሱን አብሮ የቀበረበት ጥያቄ። “ሚስትህን መምታት ተውክ ወይ?” ዓይነት፤ አዎም ብትል አይም ብትል ተያዝክ። ይሄ በአማርኛ “ነገር ያዘለ ጥያቄ” ነው። መምህርት ከላይ ያሉት “አዘለ” እዚህ መጣ። ያዘለው አይታይም፣ ከጀርባ ነው፤ ሲዞር ነው የምታየው። ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይሄ ይጥመኛል።

የቃል ጓዳ (ደሴ) • 7፡30

ክሩን አሁን ነው ያየሁት፤ ለዚህ ቃልማ የተለየ ፍቅር አለኝ። “ሎድ” ከጥንት ጭነት አልነበረም። በጥንቱ እንግሊዝኛ “ላድ” ሲሆን ትርጉሙ መንገድ፣ ጉዞ፣ ማጓጓዝ ነው። መምራት ከሚለው “ሊድ” ጋር አንድ ሥር ነው። የድሮው ትርጉም ቅሬታ እስከ ዛሬ “ሎድስታር” ውስጥ አለ፤ የሰሜን ኮከብ ነው፣ ለመርከበኛ መንገድ የሚያሳይ። ማንም “የጭነት ኮከብ” ብሎ አይተረጉመውም።

ታዲያ ጭነት እንዴት ሆነ? ሌላ ቃል ነበር፣ “ሌድ” የሚመስል፣ የድሮው “ህላዳን”፤ እሱ በእውነት መጫን ማለት ነው፣ ውኃ መቅዳትም ነበር። ከእሱ ነው “ሌደል” የወጣው፤ ጭልፋ! ሁለቱ ቃላት ድምፃቸው ተቀራረበና፣ መንገድ የነበረው የጎረቤቱን ትርጉም ተሸክሞ ቀረ። መጀመሪያ ጉዞው፣ ቀጥሎ የሚጓዘው ዕቃ፣ ቀጥሎ ክብደቱ፣ መጨረሻ ላይ ልብ ላይ የሚከብደው።

በዚሁ ላስጠንቅቅ፦ አንዳንዱ ሰው “ጭንቀት” የመጣው ከ“ጭነት” ነው ይላል። አይደለም። ጨነቀ “ቀ” አለው፣ ጫነ የለውም። ድምፅ ስለተቀራረበ ዘመድ አይኮንም። “ሎድ” የተምታታው እንዲያ ነው።

ጋሽ ሐረጎ (ኮምቦልቻ) • 7፡44

ቆይ፣ ቆይ። ጭነት ድሮ መንገድ ማለት ነበር?

የቃል ጓዳ (ደሴ) • 7፡46

አዎ ጋሼ። በእንግሊዝኛው።

ጋሽ ሐረጎ (ኮምቦልቻ) • 7፡50

እኔ ዕድሜ ልኬን የተናገርኩትን ፈረንጅ ጽፎታል በለኛ።

ደረሳው (ደሴ) • 9፡05

አሰላሙ ዐለይኩም። የቃል ጓዳ ያመጣው ነገር የእኛም ቤት አለ፣ እንዲያውም በጥንቃቄ ብትመለከቱት ይበልጣል።

የአማርኛው ጫነ በግዕዝ ጸዐነ ነው። በዐረብኛ ደግሞ “ዞዐነ” አለ፤ ትርጉሙ ጓዙን ጠቅልሎ ተጓዘ ነው። የግዕዝ ጸ ከዐረብኛው ወፍራም ዘ ጋር እንደሚገጣጠም ከሌሎቹ ቃላት እዩት፦ ጥፍር በግዕዝ ጽፍር ነው፣ በዐረብኛ ዙፍር። ጥላ በግዕዝ ጽላሎት፣ በዐረብኛ ዚል። ስለዚህ እዚያ መጓዝ የሆነው እዚህ መጫን ሆኗል።

ቃሉ ቁርአን ውስጥም አለ፤ ሱረቱ አን-ነሕል 80ኛው አንቀጽ። አላህ ለሰው ልጅ ከቤት እንስሳት ቆዳ ድንኳን እንዳደረገለት ይናገርና፣ በምትጓዙበት ቀንና በምትቀመጡበት ቀን ቀሎ ታገኙታላችሁ ይላል። የጉዞው ቀን “የውመ ዞዕኒኩም” ነው። ጉዞና ክብደት እዚያው አንድ አንቀጽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ያውም ክብደቱ ሲቀል። መስጂድ ስቀራው ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ፤ ጫነን ያየሁበት ዛሬ ነው።

መርጌታ ሰፈር (ደሴ) • 9፡30

ወዐለይኩም ሰላም ደረሳው፣ ጀባ ብለኸናል። ከግዕዙ በኩል ልጨምር። ተጽዕነ ማለት ተጫነ ብቻ አይደለም፣ ተቀመጠ፣ ጋለበም ነው። ሆሣዕና ላይ ጌታ በአህያና በውርንጫዋ መቀመጡን ስናነብ ግሡ ይሄው ነው። አሁን ሬዲዮ በከፈታችሁ ቁጥር “ተጽዕኖ አሳደረ” ትሰማላችሁ። ያው ቃል ነው፤ ጀርባ ላይ ወጣ ማለት ነው።

ጫነም በክብር ይመጣል። ፈረስ ጫነ፣ በቅሎ ጫነ፣ ዘውድ ጫነ። ንጉሥ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ ዘውድ ሲጭኑ ማንም “ጫና በዛባቸው” አላለም።

ሸዋበር (ደሴ) • 9፡41

ወረኢሉ ድረስ ግብር የሚያስገባው ገበሬ ብሎ ይሆናል 😄

የቦርከናው ልጅ (ኮምቦልቻ) • ማታ 1፡30

ሁላችሁንም ጨዋታችሁን አነበብኩ፤ ለሥራዬ የሚሆነውን ይዤ ሄድኩ። ፎርክሊፍቱ ላይ “ጭነት” እንዳለ ቀርቷል። የበሩን ወረቀት ግን ቀድጄ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ “ሥራ የበዛበት፣ የከበደው ወይም ሐሳብ የያዘው ሠራተኛ ለቅርብ አለቃው ይንገር። መንገር ከደመወዝ አያስቀንስም፣ አያስጨምርምም።” ሎድ የሚል ስም አንድም የለበትም። መጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር እንግሊዝኛው አላላትም፤ ጋሽ ሐረጎ ካሉት በኋላ ራሴ ነኝ የጨመርኳት።

ልጆቹ ቆመው አነበቡት። ያ በብጣሽ ወረቀት አስልቶ የመጣው “ታዲያ የእኛ 400ው ቀረ?” አለ። ከጎኑ ያለው አዛውንት “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፤ ለስድስት ተካፍለህ አውርደህ ደግሞ ለብቻህ ልታስመዘግብ ነው?” ብለው ሳቁበት።

ከሰዓት በኋላ ግን አንዱ ብቻውን መጣ። በሩን ገርበብ አድርጎ “ያ ያልከው ነገር… ከበደው የሚለው… የቤትም ይቆጠራል?” አለኝ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኩት። የነገረኝን እዚህ አልጽፍም።

መምህርት ከሆጤ (ደሴ) • 1፡44

አትጻፈው። ደግ አደረግህ።

የሆጤ ኤሌክትሪሺያን (ደሴ) • 1፡50

እሺ፣ ለሰው አማርኛውን ያዙ። ለምጣድ ሎድን ተዉልኝ።

ጋሽ ሐረጎ (ኮምቦልቻ) • 2፡05

ተስማምተናል። የቃል ጓዳ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ቀረችኝ፤ ሳይጭን የሚመለስ መኪና፣ እኛ ባዶውን መጣ የምንለው፣ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? የልጅ ልጄ ከሹፌሮች ጋር ልትሠራ ነው፣ ልንገራት።

የቃል ጓዳ (ደሴ) • 2፡12

“ኤምፕቲ” ይሉታል ጋሼ፣ ያው ባዶ ነው። የመልስ ጭነት የሚሉትን ደግሞ “ባክሎድ” ይሉታል።

ጋሽ ሐረጎ (ኮምቦልቻ) • 2፡14

ባክሎድ። እሷን ጻፍልኝማ፣ ስልኬ ላይ ላስቀምጣት።